የነቃ ሰካራም

ሐሙስ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊው ጋሽ መቀስ ከመጠጥ መደብር ሲወጡ፣ ደረታቸው ላይ ያቀፉት ካርቶን ከሥሩ ተቀደደና ሃያ አራት የኢነርጂ መጠጥ ጣሳ እየተንኳኳ ቁልቁለቱን ወረደ። ጋሽ መቀስ ባዶውን ካርቶን እንዳቀፉ፣ «ያዙልኝ! ኧረ ያዙልኝ!» እያሉ ተከትለው ሮጡ። ጫማ ጠጋኙ ሁለቱን በእግሩ አስቆመ፤ አንዲት አሮጊት አንዱን በምርኩዛቸው አገዱ። የቀረው ግን መንገደኛውን እያሳቀ ወርዶ ወርዶ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ቁጢጥ ብላ፣ የጋውኗን ጫፍ እንደ መረብ ዘርግታ ጠበቀችው።

ጋሽ መቀስ እያለከለኩ ደረሱ። «ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ! ጉድ ሆኜ ነበር!»

ልጅቱ ቀና ስትል አወቋት። የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን የሰፉላት፣ በየዓመቱ ክንዷ ባደገ ቁጥር እጅጌዋን ያስረዘሙላት እሳቸው ናቸው። ያን ነጭ ጋውንም ቢሆን፣ ተመርቃ ፋርማሲስት የሆነች ዕለት ስጦታ ብለው የሰፉላት እሳቸው ናቸው። «መቀስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የእጃቸው ፍጥነት ነው ይላሉ ወዳጆቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ግን፣ «የለም፣ ምላሱ ነው» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አለች ፋርማሲስቷ፣ ጋውኗ ውስጥ የተከመረውን ጣሳ እያየች።

«ለእሁድ ነዋ! ልጄን የምድርበት ቀን አይደል? ይኼንን ከጂን ጋር በትልቁ በርሜል እደባልቀዋለሁ። አንዱ እንግዳ እንኳ አያንቀላፋብኝም። ሲጨፍሩ ይውላሉ!»

ልጅቱ ጣሳውን በጋውኗ እንዳቀፈች ተነሣች። ለሥራ ባልደረባዋ የሆነ ነገር በምልክት ነግራ፣ «ሱቅዎ ድረስ ላድርስልዎት። በዚያውም አንድ ነገር ላማክርዎት፤ ይፈቅዱልኛል?» አለች።

«ለአንቺ ካልፈቀድኩ ለማን ልፈቅድ!» አሉ ጋሽ መቀስ፣ አንዱን ጣሳ እንኳ ሳይሸከሙ ከፊት ከፊት እየመሩ።

የጋሽ መቀስ ሱቅ ከመድኃኒት ቤቱ ሦስት በር አልፎ ነው። በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና ተደርድሯል። መሀል ላይ ያለው የመቁረጫ ጠረጴዛ ከብዙ ዘመን ልብስ የተነሣ እንደ መስተዋት ለስልሷል፤ ወለሉ ላይ የክር ብጥስጣሽና የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ጣሳውን ሲያዩ መርፌውን ከንፈራቸው ላይ ያዝ አድርገው፣

«ደግሞ ይኼን ነገር አመጣህብኝ?» አሉ።

«ሴትዮ፣ ሰላም በይ እንጂ፤ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ።»

«እሷስ እንግዳ አይደለችም። እንግዳው ጣሳው ነው። ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ቤቱን ግን ወረሰው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሙሽራው ወገኖች ለትውውቅ ምሳ መጥተው ነበር። ከመካከላቸው የሙሽራው አጎት፣ አነስተኛ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሳቁ ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ ሰው፣ ጂንና ኢነርጂ ቀላቅሎ ለጋሽ መቀስ አቀመሳቸው። ጋሽ መቀስ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀምሰው ሲነሡ ሃያ ስድስት የሆኑ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ ሳይቀላቅሉ አይውሉም። ሰው ወጣትነቱ ተመልሶ የመጣ ሲመስለው፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ፋርማሲስቷ ጣሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስታበቃ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለመምከር ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ግን የተማርኩት ነገር ስለሆነ ዝም ብል ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ጣሳው ውስጥ ምን ያለ ይመስልዎታል?»

«ስኳር፣ ውሃ፣ ትንሽ ጋዝ። ከዚያ ደግሞ የበሬ ጉልበት!»

«ስኳሩ እውነት ነው፣ ያውም ብዙ። የበሬ ጉልበት ያሉት ግን ካፌይን ነው፤ ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ማንቂያ። እንደ ጣሳው ዓይነት፣ አንዱ የአንድ ሲኒ፣ ሌላው የሁለትና የሦስት ሲኒ ቡና ያህል ይይዛል።»

«በይ እንግዲያ! ቡና ነው በይኝ። ቡና ጠጥቶ የሰከረ ሰው አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ክፋቱ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ነው። አልኮል የጠጣ ሰው ዐይኑ የሚከደነው፣ ሰውነቱ የሚዝለው ለምን ይመስልዎታል?»

«ስለሰከረ ነዋ።»

«አዎን። ያ ድካም መልእክተኛ ነው። ‹በቃህ፣ አስቀምጠው፣ ወደ ቤትህ ግባ› ሊል የተላከ መልእክተኛ። ጣሳው የሚያደርገው የመልእክተኛውን አፍ ማፈን ነው። መርዶው ግን አልተሰረዘም። የጠጡት አልኮል አንዲት ጠብታ ሳይቀንስ ደም ውስጥ አለ። ሰውየው ሰክሯል፤ መስከሩን ብቻ አልሰማም።»

ጋሽ መቀስ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ክርክር ሲጥማቸው ልማዳቸው ነው።

«ይኼማ ለደካማ ሰው ይሆናል ልጄ። እኔ አልሰክርም። ድሮ ሁለት መለኪያ ስጠጣ ዐይኔ ይከደን ነበር። ዛሬ አራት ጠጥቼ መርፌ ውስጥ ክር እከታለሁ!»

«ይኸው፣ ራስዎ መሰከሩ» አለች ልጅቱ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለት ይጠጡ የነበሩት ሰውዬ አራት ጠጡ።»

እትዬ ከጥጋቸው ሆነው ሳቁ። ጋሽ መቀስ ሜትራቸውን ከጣታቸው ፈትተው እንደገና መጠቅለል ጀመሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀሱ ዶለደመ።

«እሺ፣ መጠኑ ጨመረ እንበል» አሉ። «እጄ ግን አልተበላሸም። እንዲያውም ፈጠነ! ትናንት ከምሳ በኋላ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ የሙሽራውን ኮት እጅጌ ገጠምኩ። እንደ ትናንት እጄ ተፍታቶ አያውቅም። ሬዲዮ ከፍቼ፣ እያፏጨሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ባንድ ሰዓት!»

«ዛሬ አይተውታል?»

«ምን አየዋለሁ? የገዛ እጄ ሥራ አይደለም እንዴ? ሸፍኜ ሰቅዬዋለሁ።»

«እስቲ ያሳዩኝ። ደህና ከሆነ፣ እሁድ ጋውኔን አውልቄ በርሜሉን የማማስልልዎት እኔው ነኝ።»

«አማስላለሁ አልሽ? ምስክር አለኝ!» ብለው ጋሽ መቀስ ዘለው ተነሡ። ከቁም ሣጥኑ ኮቱን አወጡ፣ ሽፋኑን ገፈፉ፣ ለማሳመር ብለውም ራሳቸው ለበሱት።

ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጨርቁ እጅ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ። ኮሌታው ያማረ፣ ደረቱ የተስተካከለ፣ ማክሰኞ ሳይጠጡ የሰፉት ነውና። እጅጌው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ገብቷል። ጋሽ መቀስ ክንዳቸውን ወደ ፊት ሊዘረጉ ሲሞክሩ እጅጌዎቹ ወደ ኋላ ይጎትቷቸዋል። የውጭ ኪሱም ከገበሩ ጋር አብሮ ተሰፍቶ ድፍን ሆኗል።

እትዬ ሸሚዙን ከጭናቸው ጣሉት። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ እስከ ዕንባቸው ደረሰ። «አንተ ሰውዬ! ሙሽራው ወደ ኋላ እየሄደ ነው እንዴ ሚስቱን የሚቀበለው?»

ልጅቱም ሳቋን ልትይዝ ፈልጋ አልቻለችም፤ ፊቷን በጋውኗ ሸፈነች። ጋሽ መቀስ መስተዋቱ ፊት ቆመው፣ ክንፉ እንደ ተሰበረ አሞራ ሆነው፣ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ በመጨረሻ እሳቸውም በሳቅ ፈረሱ። ጫማ ጠጋኙ በር ላይ ቆሞ ‹ምን ሆናችሁ?› እስኪል ድረስ ሦስቱም ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ጋሽ መቀስ ኮቱን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ስፌቱንም በጣታቸው ዳሰሱት። ከትናንት በቀር እንዲህ ሰፍተው አያውቁም። በጎልማሳነታቸው፣ ሐዘን ላይ እያሉ እንኳ፣ እንዲህ አልሰፉም።

«እኔ እኮ እንደ ትናንት ጎበዝ ሆኜ አላውቅም ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«አደጋው እሱ ነው፣ ጋሼ። ተራ ሰካራም መድከሙን ያውቀዋል፤ ይቀመጣል፣ ይተኛል። የነቃ ሰካራም ግን ጎበዝ ነኝ ብሎ ይነሣል፤ ይጨምራል፣ ይጣላል፣ መኪና ያስነሣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ አይደል?»

ጋሽ መቀስ አንገታቸውን ነቀነቁ። «አሁን ገባኝ። እኛ ቤት ካውያ የሚባል አታላይ አለ። የጠመመ ስፌት ላይ ካውያ ብታሳርፊበት ለሰዓቱ ቀጥ ያለ ይመስላል። ደንበኛው ለብሶ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። ጣሳው ካውያ ነው በይኛ።»

«ከእኔ ይልቅ እርስዎ አሳምረው ነገሩት።»

እዚህ ላይ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ እትዬ ባይኖሩ። እትዬ መርፌያቸውን መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክተው ባላቸውን በቀጥታ አዩ።

«ልብህንስ አትነግራትም?»

«የምን ልብ?»

«ሌሊት ስትገላበጥ እጄን ወስደህ ደረትህ ላይ ያስቀመጥከውን። ‹ውስጤ ዶሮ የተዘጋበት ይመስላል› ያልከኝን።»

የልጅቱ ፈገግታ ጠፋ። የጋሽ መቀስን የደም ግፊት ኪኒን በየወሩ የምትሰጣቸው እሷው ናት።

«ጋሼ፣ ደረትዎን ይወጋዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ራስዎን ስተው ያውቃሉ?»

«የለም፣ የለም። ብቻ ከጠጣሁ በኋላ ይመታብኛል። እንቅልፍም እምቢ ይላል። የሠርግ ሐሳብ ነው ብዬ ነው እንጂ...»

«አንዱ ምልክት ቢኖር ኖሮ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምወስድዎት። እስቲ ዐርፈው ይቀመጡ።» ወጥታ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ተመለሰች። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው እንዲቀመጡ አደረገች። ለጋሽ መቀስ ከሁሉ የከበደው ይህ ዝምታ ነበር። ከዚያ ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ ለካች፤ ደግማም ለካች። የላይኛው ቁጥር መቶ ስድሳ ስምንት ነበር፤ ከልኩ እጅግ ያለፈ።

«እርስዎ የሰው ክንድ ሲለኩ አይሳሳቱም። እኔም ይህን አልተሳሳትኩም» አለች። «ኪኒኑ ግፊትዎን ወደ ታች ይጎትታል፣ ጣሳው ወደ ላይ፣ አልኮሉ ደግሞ ከኪኒኑ ጋር ይጋጫል። ልብዎ መሀል ላይ የገመድ ጉተታ ሜዳ ሆኗል። ጤነኛ ጎረምሳ እንኳ በዚህ ቅልቅል ልቡ ሲመታ፣ ሲያስመልሰው፣ እንቅልፍ ሲነሣው እናያለን። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱልኝ።»

«እሁድ ልጄን እየዳርኩ?»

«እሁድ ልጅዎን እንዲድሩ ብዬ ነው እንጂ።»

ይህች ቃል ከመቶ ስድሳ ስምንቱ በላይ ሠራች። ጋሽ መቀስ ወደ እትዬ ዘወር አሉ። እትዬ ፊታቸውን አጨማደው የመለኪያውን ቁጥር ትክ ብለው ያዩ ነበር። ምክር ሁልጊዜ በጭንቅላት በኩል አይገባም፤ አንዳንዴ የሚገባው ከጎንህ በተቀመጠ ሰው ፊት በኩል ነው።

«እሺ። እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ የቀረችውን ምሽግ ይዘው ለመጨረሻ ጊዜ ተከራከሩ። «እንግዶቼስ? ሰማንያ ሰው ጠርቼ ውሃ ላጠጣ? ‹ንፉግ ሆነ፣ መቀስ ቆነጠጠን› ይሉኛል።»

«ሰማንያውን እስቲ አብረን እንያቸው። እንደ እርስዎ ግፊት ያለበት የለም? የስኳር ሕመምተኛ የለም? መኪና ይዞ የሚመጣ የለም? ሰክሬያለሁ ያላለ ሰው ቁልፉን ለሌላ አይሰጥም፣ ጋሼ። ጎረምሶቹም አንድ ብለው አያቆሙም፤ ‹በቃህ› የሚላቸውን መልእክተኛ እርስዎ በበርሜል አፍነውባቸዋል። መጠጣት የሚፈልግ ከምግብ ጋር፣ በልኩ፣ ውሃ እያስከተለ ይጠጣ፤ የሚነዳ ጨርሶ ይተወው። ጣሳውና ጂኑ ግን አይገናኙ።»

«ሎሚና ዝንጅብል» አሉ እትዬ ድንገት። «ከናና ጋር። ቀድሞም ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እሰማሻለሁ!» አሉ ጋሽ መቀስ። «ከዛሬ ጀምሮ። እስከ ሠርጉ ማግስት።»

ከቀትር በኋላ ጋሽ መቀስ ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ልባቸውን መርምሮ ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አላገኘበትም። ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ከጣሳውም ከአልኮሉም እንዲርቁ አስጠነቀቃቸው። መደብሩ ያልተከፈቱትን ጣሳዎች በውሃ ቀየረላቸው። ዐርብ ደግሞ ከጧት ጀምረው ሁለቱን እጅጌ ፈቱ፤ አንድ በአንድ፣ ክር በክር። እትዬ ኪሱን ከፈቱ። ቀኑ ሳይመሽ ኮቱ ልብስ ማሳያው ማኒኪን ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጋሽ መቀስም ዞር እያሉ ሲያዩት፣ «እንዲህ ነው እንጂ! ለካ ፍጥነት ሌላ፣ ችሎታ ሌላ!» አሉ።

እሁድ ፀሐይዋ ራሷ የተጠራች ትመስል ነበር። አዳራሹ በነጭ ጨርቅ ደምቋል። በርሜሉ በሎሚ፣ በዝንጅብልና በናና ተሞልቶ በረዶ ይንሳፈፍበታል። ሙሽራው በዚያ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሲገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጋሽ መቀስም የልጃቸውን ፊት ትተው አንዴ እጅጌውን አዩ።

ምሳ ሳይቀርብ የሙሽራው አጎት ሾፌሩ ደረሰ። ሃያ ሁለት ዘመድ ጭኖ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድቶ መምጣቱ ነው። አቅፏቸው ሳይጨርስ ከረጢቱን ከፈት አድርጎ አሳያቸው፤ ጂኑም ጣሳውም አለ።

«ጋሼ! ምርቱን ይዤ መጥቻለሁ። ብርጭቆ የት አለ?»

«ምርቱ ይቆይ» አሉ ጋሽ መቀስ፣ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ እየወሰዱት። «አንተ ዛሬ ማታ ማንን ይዘህ ነው የምትመለሰው?»

«እነዚህኑ ነዋ፤ እናቴን፣ እህቶቼን፣ የእህቶቼን ልጆች። ታዲያ ለዚሁ አይደል የምጠጣው? ትናንት እንቅልፍ አልጠገብኩም። ያነቃኛል።»

«ያነቃሃል፤ ግን ሰክረህ ትነቃለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንገድ ላይ ሳለህ የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ቆሜ አያለሁ።»

«ቆሻሻ ጨርቅ አንሥተህ መብራቱን ሸፍነህ አትነዳም?»

«ኧረ ጋሼ! ሞተሩ ይቀልጣላ!»

«አየህ፣ እንቅልፍህና ድካምህ መብራቱ ናቸው። ጣሳው ጨርቁ ነው።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ወትሮው ሦስተኛ ቤት አልደረሰም። «እርስዎም ከዱኝ? ሦስት ሳምንት አብረን ስንጠጣ ምንም አልሆኑም።»

«ማን ይናገር የነበረ ነው ወንድሜ። ልቤ ሌሊት ሲዘል ያደርኩ እኔ ነኝ። የሙሽራውን ክንድ ወደ ኋላ የሰፋሁትም እኔ ነኝ፤ ያውም እያፏጨሁ! የእኔ ስሕተት በመርፌ ተፈታ። ያንተ ስሕተት በምን ይፈታል? ክር አይደለም የምትይዘው፤ መሪ ነው።»

ሾፌሩ ወደ አዳራሹ ዘወር ብሎ አየ። እናቱ የተሰጣቸውን የሎሚ ጭማቂ እየቀመሱ፣ ጎናቸው ላለችው ሴት ጉንጫቸውን እየነፉ «ዝንጅብሉ!» ይላሉ። የእህቱ ትንሽ ልጅ ሙሽራዋ እግር ሥር ቁጭ ብላ የቬሉን ጫፍ ትነካካለች። ሾፌሩ ጣሳዎቹን እንደገና አየ። ከዚያ ከረጢቱን ዘጋው።

«ታዲያ እንቅልፉን ምን ላድርገው?»

«ተኛዋ! እንቅልፍን ከእንቅልፍ ሌላ የሚተካው አላየሁም። ከአዳራሹ ጀርባ ክፍል አለ፤ ሶፋ አለው።»

ሾፌሩ በላ፣ ሁለት ብርጭቆ ዝንጅብል ጠጣ፣ ሄዶም ተኛ። ከሰዓት በኋላ፣ ጭፈራው ሲደምቅ፣ የሶፋው ጥልፍ ጉንጩ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞበት ብቅ አለ። ሕፃናቱ እያመለከቱ ሳቁበት። እሱ ግን ቀጥታ ሜዳው ገብቶ እስክስታውን አስነካው፤ ከሁሉ ዘግይቶ ጀምሮ ከሁሉ ዘግይቶ ወጣ። ፋርማሲስቷም ጋውኗን አውልቃ፣ ጋሽ መቀስ የሰፉላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ መጥታ ነበርና አጠገባቸው ስትጨፍር፣ «ጋሼ፣ ማን ሃያ ስድስት ዓመት ሰጥቶዎት ነው?» አለቻቸው። «ሎሚ!» ብለው ጮኹላት።

በዚያ ሠርግ ላይ ጠብ አልነበረም። የወደቀ ሰው የለም፣ ያስመለሰው የለም፣ ማግስቱን ራሱን ይዞ የዋለ የለም። ጥቂት ሰዎች ወይናቸውን ከምግባቸው ጋር ጠጥተው በጨዋ ደንብ ተነሡ። ‹መቀስ ቆነጠጠን› ያለ አልተሰማም። ይልቁንም ሦስት ሴቶች እትዬን የዝንጅብሉን መጠን ጠይቀው፣ መዳፋቸው ላይ ጽፈው ሄዱ። ሙሽሮቹም የሠርጋቸውን ቀን ከጧት እስከ ማታ፣ ማን ምን እንዳለና ማን እንዴት እንደጨፈረ፣ ሳይዘሉ ያስታውሱታል። ይህም ቀላል ሀብት አይደለም።

ጋሽ መቀስም ከዚያ ወዲህ ይተኛሉ። በሁለተኛው ሳምንት ልኬታቸው ወርዶ ልጅቱ በደስታ አጨበጨበች። ከሥራ በኋላ ሲደክማቸው ደክሞኛል ይላሉ፤ ድካማቸውንም አይደብቁትም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ሱሪውን ብቻ ይዞ አይመለስም። ሜትር ወገቡ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ማምለጫ የለውምና፣ ጣሳና ጂን ለምን እንደማይገናኙ ሳይሰማ አይወጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ሰላምታው አጠር አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ የሠርጉ ለት የሆነውን በስልክ ልነግርዎት ፈልጌ አቃተኝ።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ያን ማታ ስንመለስ፣ ከድልድዩ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ጋ፣ ሣር የጫነ ጋሪ መሀል መንገድ ላይ ተሰብሮ ቆሟል። መብራት የለው፣ ምልክት የለው። ስዞር ፊቴ ድቅን አለ። ፍሬኔን ረገጥኩ፣ መሪዬን ትንሽ ሰበር አደረግሁ፤ አለፍኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከኋላ ሃያ ሁለቱም እየዘፈኑ ነበር። አንዱም አላወቀ፤ ዘፈኑ እንኳ አልተቋረጠም።»

እትዬ መርፌያቸውን አቆሙ።

«እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት» አለ ሾፌሩ። «ቤት ስንደርስ እናቴ ‹ደህና አድርገህ አመጣኸን› ብላ ሳመችኝ። የሁልጊዜ ቃሏ ነው። ያን ለት ግን ‹ጠጥቼ ቢሆንስ?› እያልኩ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ጋሽ መቀስ ሜትራቸውን አነሡ። ኮፍያውን ወደ ጎን አድርገው ወደ ሾፌሩ ተጠጉ።

«ቀጥ ብለህ ቁም እስቲ፤ ልለካህ» አሉት።

ወገቡን ለኩ። ቁጥሩን ግን ዕንባ ያቀረረው ዐይናቸው ስላልያዘላቸው እንደገና ለኩ።